«የቀለሙን መጽሐፍ በቃሉ ቢያጠናውስ?»

የአንባቢያን ጥያቄና የበረራ ሕክምና ሐኪም መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከአዘዞ ነው። ልጄ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ቤታችን ለአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ በመሆኑ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውሮፕላን ሲያርፍና ሲነሣ እያየ፣ አብራሪ ከመሆን በቀር ሌላ ሐሳብ ሳይኖረው አድጓል። ሆኖም ከጓሮ የቀላውን ቃሪያ ለይቶ እንዲለቅም ስልከው አረንጓዴውንም ቀላቅሎ ያመጣልኛል፤ ወንድሜም ልጅ ሳለ እንደዚሁ ነበር። አንድ ዘመዳችን «የምርመራው መጽሐፍ ስልክ ላይ አለ፤ ቁጥሮቹን በቃሉ ቢይዝ ያልፋል» ስላለው ማጥናት ጀምሯል፤ እኔን ግን ልቤ እሺ አላለኝም። ምን ይመክሩኛል? ደግሞስ ጥፋቱ ከእኔ ይሆን?

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሣ፤ እንቅልፍ የሚነሣዎ እሱ ሳይሆን አይቀርምና። ቀይና አረንጓዴን ለመለየት የሚያስችለው ዘረመል የሚገኘው ኤክስ በተባለው ክሮሞሶም ላይ ነው። ወንድ ልጅ ይህን ክሮሞሶም አንድ ብቻ፣ እሱንም ከእናቱ ስለሚወርስ፣ ጉድለት ካለበት የሚተካለት ሌላ የለውም። እናት ግን ሁለት ስላላት ደኅናው የሌላውን ጉድለት ይሸፍንላታል፤ ራሷ ቀለም በሚገባ እየለየች ለልጇ ልታወርስ ትችላለች። የወንድምዎም ሁኔታ ወደዚሁ ያመለክታል። ይህ እንግዲህ እንደ ቁመትና እንደ መልክ የሚወረስ ነገር ነው፤ በእርግዝናዎ ጊዜ የበሉት ወይም የተዉት ምንም ነገር አላመጣውም፤ ራስዎን አይውቀሱ።

ዘመድዎ ያሉት መጽሐፍ ጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ እ.ኤ.አ. በ1917 ያሳተሙት ነው። በየገጹ ባለቀለም ነጠብጣቦች ተበትነው በመካከላቸው ቁጥር ይታያል። የመጀመሪያውን ገጽ፣ 12 ቁጥርን፣ ማንም ያነበዋል፤ በሁለተኛው ገጽ ላይ ግን ቀለም የሚለይ ዓይን 8ን ሲያይ፣ ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ሰው 3ን ያያል። ቁጥሮቹን በቃል መያዝ እንደሚቻል መርማሪው ሁሉ ያውቃል። አንድ ጊዜ እኔ ዘንድ የመጣ ወጣት ገጹ ተገልጦ ሳያልቅ መልሱን ይናገር ነበር። ቅደም ተከተሉን ትቼ ከመሃል ስገልጥለት ዝም አለ፤ ጣቱን በነጠብጣቦቹ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲያንቀሳቅስ ግንባሩን ላብ አቸፈቸፈው። ያን የመሰለ ልጅ ለዚያ ዓይነት ጭንቀት ያበቃው መካሪው ነው፤ ዛሬም ሳስታውሰው ያሳዝነኛል።

ለጥቂት ነጠብጣብ ተብሎ የልጅ ተስፋ አይጨልምም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሌሊት በአየር ላይ ያለ አብራሪ ብዙውን ነገር የሚረዳው በቀለም ነው። አውሮፕላን በግራ ክንፉ ጫፍ ቀይ፣ በቀኙ አረንጓዴ መብራት አለው፤ ስለዚህ ከፊቱ ቀዩን በቀኙ፣ አረንጓዴውን በግራው በኩል የሚያይ አብራሪ፣ ሌላ አውሮፕላን ፊት ለፊት እየመጣበት መሆኑን ያውቃል። ሬዲዮ ቢቋረጥ ከመቆጣጠሪያው ማማ የሚላክለት የማያቋርጥ አረንጓዴ ብርሃን «እረፍ» ማለት ሲሆን፣ ቀዩ «ቅድሚያ ስጥ፣ መዞርህን ቀጥል» ማለት ነው። በመንደርደሪያው ዳር የሚተከሉት ፓፒ የሚባሉት አራት መብራቶች ደግሞ ሁለቱ ነጭ ሁለቱ ቀይ ሆነው ከታዩ አወራረዱ ትክክል ነው፤ አራቱም ከቀሉ ከሚገባው በታች ወርዷል።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ሥጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2002 በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳዋ ታላሃሲ ከተማ፣ አንድ የጭነት ቦይንግ 727 ንጋት ሳይሆን ሊያርፍ ሲል ከመንደርደሪያው በፊት ካሉ ዛፎች ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። ሦስቱም የበረራ ሠራተኞች ከባድ ጉዳት ቢደርስባቸውም ተርፈዋል። መርማሪዎች ከድካም ጋር አብረው ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ፣ አውሮፕላኑን ያበር የነበረው ረዳት አብራሪ ቀለም የመለየት ጉድለት ነበር።

አሁን ወደ ልጅዎ ልመለስ። መጽሐፉን መሳት ብቻውን በሩን አይዘጋበትም። ኢካኦ እየተባለ የሚጠራው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ፣ በመጽሐፉ የወደቀ አመልካች በበረራ ላይ የሚያገለግሉ ቀለሞችንና መብራቶችን ያለ ችግር መለየቱን በሌላ ምርመራ ካሳየ ብቁ እንዲባል ይፈቅዳል። ጉድለቱ ደረጃ ደረጃ ስላለው ይህን የሚያልፉ አሉ። ካላለፈ ግን ለንግድ በረራ አብራሪ የሚሰጠውን የአንደኛ ደረጃ የጤና ማረጋገጫ አያገኝም፤ ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ የሚሰጠው ሦስተኛ ደረጃም እንዲሁ ነው። የሚቀረው ሁለተኛው ደረጃ ሲሆን፣ እሱም በቀን ብርሃንና በዓይን እይታ ለሚደረግ የግል በረራ ብቻ የተወሰነ ነው።

ስለዚህ በቃል ማጥናቱን ዛሬውኑ ያቁም። ያጠናው ቁጥር የጉድለቱን ትክክለኛ መጠን ይሰውርበታል፤ ሊረዳው የሚችለው ደግሞ መጠኑን ማወቁ ነው። በመጀመሪያ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ይታይ፤ ጉድለቱ ከተረጋገጠ፣ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ወደሰጠው መርማሪ ሐኪም ሄዶ ስለ ቤተሰቡም ጭምር ሳይደብቅ ይናገር። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት መስክ ከመምረጡ በፊት ቢደርስ እመርጣለሁ፤ የአውሮፕላን ምህንድስናንም ሆነ የአየር ትንበያን ጊዜ ሳለው ሊያስብባቸው ይችላልና።

ጥያቄ፦ የማራኪ ነዋሪ ነኝ። ርቀት ለማየት መነጽር አደርጋለሁ። አብራሪ መሆን እችላለሁን?

መልስ፦ መነጽር ብቻውን አይከለክልዎትም። ለአንደኛ ደረጃ የሚጠየቀው፣ በመነጽርም ይሁን ያለ መነጽር፣ እያንዳንዱ ዓይን ለየብቻው 6/9 (ማለትም ደኅና ዓይን ከ9 ሜትር የሚያነበውን ከ6 ሜትር ማንበብ)፣ ሁለቱ በአንድነት 6/6 ወይም የተሻለ የርቀት እይታ እንዲኖራቸው ነው። በመነጽር የሚያበር ሰው ግን አንዱ ቢሰበርበት በፍጥነት የሚያነሣው ሁለተኛ መነጽር ምንጊዜም ከአጠገቡ ሊኖር ይገባል።