የአስከሬን ምርመራ ፈቃድ ባለመፈረሜ ጥፋተኛ ነኝ?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከሐይቅ ነው። ባለቤቴ ደሴ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሳይታሰብ አረፈ። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ወረቀት ሰጥቶኝ «ምክንያቱን እንድናውቅ አስከሬኑን እንመርምር፤ ፈርሚ» አለኝ። አማቴ «ልጄን አታስቀድጂብኝ» አሉ። ቅሬው (የሰፈራችን እድር) መቃብር ቆፍሮ እየጠበቀ ነበር። ሳልፈርም ቀበርነው። አሁን ዋርሳዬ «የሕክምና ስህተት አለበት፤ ባለመፈረምሽ ነገሩን አበላሸሽው» ይለኛል። ጥፋተኛ ነኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ አላህ ይዘንላቸው፤ ለእርስዎም ሶብሩን ይስጥዎ። ጥፋተኛ አይደሉም። ሐኪሙ ፈቃድ የጠየቀዎ እምቢ ማለት ስለሚችሉ ነው። ባለመፈረምዎ ማንም አይከስዎትም።

አጠያየቁ ግን አሳዝኖኛል። እንባዎ ሳይደርቅ፣ በቆሙበት «ፈርሚ» ማለት ፈቃድ መጠየቅ አይባልም። ቤተሰቡን አስቀምጦ ምን እንደሚመረመር፣ የሚቆይ የሰውነት ክፍል እንዳለ፣ አስከሬኑ መቼ እንደሚመለስ መንገር ነበረበት። የት እንደሚመረመርም እንዲሁ፤ አዲስ አበባ ይላካል ከተባለ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ጀናዛው በዕለቱ አይቀበርም። አማትዎም ይህን ሰምተው ቢሆን ምናልባት ሌላ ይሉ ነበር።

ጠያቂው ፖሊስ ሲሆን ነገሩ ይለያል። አሟሟቱ የሚያጠራጥር ከሆነ መርማሪው ለሆስፒታል ደብዳቤ ይጽፋል። ያኔ የቤተሰብ እምቢታ ምርመራውን አያስቀረውም። ቶሎ እንዲያልቅ፣ አጠባና ገነዛው በወጉ እንዲሆን መጠየቅ ግን ይቻላል። እንዲህ ያለ ወረቀት የሚቀርብላችሁ ሁሉ መጀመሪያ ማን እንደጠየቀ አጣሩ።

ዋርሳዎ የሚሉት ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። ምርመራ ቢኖር ማስረጃው ይጠነክር ነበር። ግን በሩ አልተዘጋም። የሕክምና ካርዱ፣ የላቦራቶሪ ውጤቱና የተሰጠው መድኃኒት ዝርዝርም ማስረጃ ነው። በቸልተኝነት ሰው መግደል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ያስጠይቃል፤ ለፖሊስ ማመልከት ይችላሉ። የባለሙያ ጥፋት ብቻ ከመሰለዎ ለጤና ቢሮ ያመልክቱ።

መቃብር ስለመክፈት የሚያወራ ካለ ያስቁሙት። ያለ ሕጋዊ ትእዛዝ አስከሬን ማውጣት ራሱ ወንጀል ነው። አስፈላጊ ከሆነ በፖሊስና በፍርድ ቤት በኩል ይሄዳል።

ከሁሉ በፊት ግን ነገ ሆስፒታሉ ሄደው የካርዱን ግልባጭ በጽሑፍ ይጠይቁ። ማመልከቻዎን ሁለት ኮፒ ያድርጉት፤ አንዱን «ደርሶናል» ብለው ማኅተም ያድርጉልዎ። ዋርሳዎንም ይዘዋቸው ይሂዱ።