ወንድምህ ሊልክልህ ያሰበውን ወፍራም ዌትሱት ጣና ላይ አትልበሰው

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ስለሚለበስ ልብስ ናቸው፤ በተለይ ዌትሱት ስለሚባለው፣ ለብርድ ገላ ላይ ልክክ ብሎ ስለሚለበሰው የጎማ ልብስ። አንዱ ከአሜሪካ ነው የመጣው፣ የቀሩት ከጣና ዳር። አንድ ላይ ብንመልሳቸው ይሻላል ብለናል።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ቅዳሜና እሑድ ማለዳ ጣና ዳር በዘንግ ዓሣ አጠምዳለሁ። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ብርዱ አላስቆም አለኝ። ጂንሴን እስከ ጭኔ ጠቅልዬ እገባለሁ፤ ስወጣ ጥርሴ ይንገጫገጫል። አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ «የማልለብሰው ዌትሱት አለኝ፣ 5/4 ነው፣ ልላክልህ?» አለኝ። 5/4 ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ይላክልኝ ወይስ ይቅር? (አጥማጁ፣ ከሽምብጥ)

መልስ፦ ይቅር። ቢያንስ እሱ ይቅር።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንፍታው። 5/4 ማለት ልብሱ ደረትና ጀርባው ላይ 5 ሚሊ፣ እጅና እግሩ ላይ 4 ሚሊ ውፍረት አለው ማለት ነው። የተሠራበት ነገር ኒዮፕሪን ይባላል። በ1930 አሜሪካ ውስጥ ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ያወጣው ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። ለዌትሱት ሲሆን ውስጡ በጥቃቅን የጋዝ አረፋ ይሞላል፤ ብርዱን የሚከላከልልህም ይሄው አረፋ ነው። ብዙ ሰው ዌትሱት ውሃ አያስገባም ብሎ ያስባል። ያስገባል። ትንሽ ውሃ ገብቶ በቆዳህና በልብሱ መሃል ይተኛል፣ ገላህ ያሞቀዋል፣ ልብሱ ልክክ ካለብህ እዚያው ይቆያል። ከሰፋህ ግን በተራመድክ ቁጥር የሞቀው ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ይገባል። ስለዚህ ወንድምህ ካንተ ወፈር የሚል ከሆነ ልብሱ ምንም ያህል ቢወፍር አይጠቅምህም።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። 5/4 የሚለበሰው 10 ዲግሪ አካባቢ ለሆነ ውሃ ነው። ጣና በታኅሣሥም ቢሆን 20 ዲግሪ አካባቢና ከዚያ በላይ ነው። አንተን የሚያንገጫግጭህ አየሩ ነው። ባሕር ዳር በታኅሣሥና በጥር ንጋት ላይ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። ማለዳ ሐይቁ ላይ እንፋሎት የመሰለ ጉም ሲነሳ አይተህ ከሆነ፣ ውሃው ከአየሩ ስለሚሞቅ ነው። አንተ ግን የራሰ ጂንስ ለብሰህ ነፋስ ላይ ትገተራለህ። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ውሃው በተነነ ቁጥር ደግሞ የገላህን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ያንን ወፍራም ጥቁር ጎማ ለብሰህ፣ በዚያ ላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የ3 ሰዓት ፀሐይ ስትወጣብህ አስበው! ዘንግህን ሳትሰበስብ ትቀቀላለህ።

ወንድምህን ልለምን ካልክ ዌደር ለምነው። እስከ ደረት የሚደርስ፣ እስከ እግር ጣት የተዘጋ፣ ውሃ የማያስገባ ቱታ ነው። እሱም ሁለት ዓይነት አለው፤ አንዱ ከኒዮፕሪን የተሠራ ወፍራም ነው፣ ሌላው ላብ የሚያስወጣ ስስ ጨርቅ ነው። ስሱን ይላክልህ። ከሥሩ የምትለብሰውን እዚሁ ከሰልባጅ ተራ ታገኛለህ፤ የፖሊስተር ቱታና ቀጭን የሱፍ ሹራብ ይበቃል። ከላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ደርብ። ጋቢህን ዳር ላይ ተወው፣ ስትወጣ ትደርበዋለህ። የግድ ዌትሱት ይሁን ካልክ ደግሞ ከ3/2 አትለፍ።

ዌደር ስትለብስ ወገብህን በቀበቶ ጥብቅ አድርገህ እሰር፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። ብትወድቅ በደረትህ በኩል የሚገባውን ውሃ የሚያግድልህ እሱ ነው። «ዌደር ውሃ ከገባው እንደ ድንጋይ ወደ ታች ይጎትታል» ሲባል ትሰማ ይሆናል፤ ውሃ ውስጥ ያለ ውሃ አይከብድም፣ አይጎትትህም። ችግሩ መዋኘትና መውጣት ላይ ነው፤ ልትወጣ ስትል የሞላው ውሃ ሁሉ ክብደት ይሆንብሃል። ላይፍ ጃኬት ካገኘህ አድርግ። ጣና ዳር ያለው ጥቁር ድንጋይ በአልጌ የተሸፈነ ነው፣ ያሙለጨልጫል፤ ቦቲህ ሶሉ ያለቀ ከሆነ አትግባ። ዱላ ያዝ፣ ጎጃሜ ዱላ አያጣም። ከመራመድህ በፊት በዱላው ፊት ለፊትህን ነካ ነካ እያደረግክ እለፍ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጥያቄህ ውስጥ ባይኖርም። አባይ ከጣና የሚወጣበት አካባቢና ደንገል ያለበት ዳር ጉማሬ አለ። ሌሊት ወጥቶ ሣር ሲግጥ ያድርና ንጋት ላይ ወደ ውሃው ይመለሳል። አንተ ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት ነው ዳር ላይ የምትቆመው። በእሱና በውሃው መሃል እንዳትገኝ። አዲስ የተረገጠ ዱካና እበት ካየህ ቦታ ቀይር፤ ቀረሶውም አምባዛውም ሌላ ቦታ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ትውልዴ ቢቸና ነው፣ አሁን ኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ ነው የምኖረው። ሥራ ላይ የተዋወቅኳቸው ሰዎች የባሕር ዓሣ ማጥመድ አስለመዱኝና ይኸው ሱስ ሆነብኝ። በልግ ላይ፣ ኦክቶበርና ኖቬምበር፣ ሞንታውክ ሄደን ማታ ማታ ማዕበሉ ውስጥ ቆመን ስትራይፕድ ባስ እንይዛለን። እኔ ዌደር አለኝ፣ እነሱ ግን ዌትሱት ለብሰው ድንጋዩ ላይ ይወጣሉ። አንድ ልብስ ብቻ የመግዛት አቅም ነው ያለኝ፤ ስንት ሚሊ ልግዛ? (ስደተኛው)

መልስ፦ ቢቸና ተወልዶ አትላንቲክ ላይ በሌሊት! ጎበዝ።

ከሚሊው በፊት የት እንደምትቆም ወስን። አሸዋ ላይ ቆመህ ማዕበሉ ጉልበትህን ብቻ የሚነካህ ከሆነ ያለህ ዌደር፣ ቀበቶና ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬት በቂ ነው። ገንዘብህን አታውጣ። እንደ ጓደኞችህ ድንጋይ ላይ ልወጣ፣ ማዕበል ደረቴን ይምታኝ ካልክ ግን ዌደር ቦታው አይደለም። አንድ ማዕበል በላይህ ካለፈ ዌደሩ ይሞላል። ዌትሱት አይሞላም፤ እንዲያውም ኒዮፕሪን ስለሚንሳፈፍ ይደግፍሃል።

በኦክቶበር መጨረሻ እዚያ ያለው ውሃ 15 ዲግሪ ገደማ ነው፣ እናንተ በፋራናይት 60 የምትሉት። ኖቬምበር እየገፋ ሲሄድ ወደ 10 ይወርዳል። አንድ ብቻ ከሆነ የምትገዛው 4/3 ግዛ፣ ከሱ ጋር የኒዮፕሪን ኮፍያ ጨምር። ኖቬምበር አጋማሽ ካለፈ በኋላም እሄዳለሁ የምትል ከሆነ 5/4 ይሻልሃል፣ ሴፕቴምበር ላይ ግን ያልብሃል። አንተ አትዋኝም፣ ትቆማለህ። የቆመ ሰው እንደሚዋኝ ሰው ሙቀት አያመነጭም፤ ስለዚህ በሰሌዳ ማዕበል ላይ ለሚንሸራተቱ ሰርፈኞች ከተጻፈው የሙቀት ሰንጠረዥ አንድ ደረጃ ወፈር ያለውን ምረጥ።

ሱቅ ስትገባ ስፌቱን እይ። ጠፍጣፋ ሆኖ እንደ ባቡር ሐዲድ በሁለቱም በኩል ክሩ የሚታይ ከሆነ ለሞቀ ውሃ የተሠራ ነው፣ ውሃ ያስገባል። ለብርድ የሚሆነው መጀመሪያ በማስቲሽ ተጣብቆ ከዚያ መርፌው ወደ ሌላኛው ፊት ሳያልፍ የተሰፋው ነው። ከውጪ የሚያብረቀርቅ ራቁት ጎማ የሆነውን ተወው። ነፋስ ይከላከላል፣ እውነት ነው፣ ግን ድንጋዩ ላይ ያለው የባሕር ቅርፊት በአንድ ሌሊት ይቦጫጭቀዋል። በሁለቱም ፊት ጨርቅ የለበሰ፣ ጉልበቱ የተጠናከረ ይሁን። ነፋሱን ከላይ በምትደርበው፣ አንገቱና እጅጌው በሚጠብቅ ጃኬት ትመክተዋለህ። ይሄን ጃኬት ብዙ ጀማሪ ይዘለዋል፤ የራሰ ጨርቅ ላይ ነፋስ ሲመታ ያው ከላይ ለሽምብጡ ልጅ ያልኩት ነው የሚሆነው። ዚፑ ከኋላ የሆነው ርካሽና ለመልበስ የሚቀል ነው፤ በደረት በኩል የሆነው ውሃ በማስገባት ይሻላል፣ ማለቴ ያነሰ ያስገባል። ሌሊት ብቻህን ፓርኪንግ ላይ የምትለብስ ከሆነ ከኋላ ያለው ዚፕ ረጅም ማሰሪያ እንዳለው እይ።

ልክህን በክብደትና በቁመት ምረጥ እንጂ በጂንስ ቁጥር አትሂድ። ለብሰህ ቁጢጥ በል፣ ዘንግ እንደሚወረውር ሰው እጅህን ከራስህ በላይ አንሳ። ከወገብህ በላይ ያለው የጀርባህ ጎድጓዳ፣ ብብትህና ብሽሽትህ ላይ ከተነፋ ሰፍቶሃል። ስታነሳው ትከሻህን ከጎተተህ ጠቦሃል፤ መቶ ጊዜ ስትወረውር ክንድህ ይዝላል። ጫማው ከዌትሱቱ ካልሲ ጋር የሚለካ ነው፤ እግር የሚያጣብቅ ጫማ ደም አያዘዋውርም፣ በረዶ ያደርግሃል። ከሥሩ ሹል ብረት ያለው ይሁን፣ ያለሱ ድንጋዩ ላይ አትወጣም። እነ ኮርከርስ ጫማ ላይ የሚታሰር ሹል ያለው ሶል ይሠራሉ፣ ያለህን ቦት ማስጠቀም ይችላል።

(ሽንትስ? ብለህ አልጠየቅክም፣ ግን ልትጠይቅ ነበር። አዎ፣ ሁሉም እዚያው ነው የሚለቁት። ቤት ስትገባ እጠበው።)

ቀዝቃዛ ውሃ ሙቀትህን ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። ያለ መከላከያ የገባ ሰው የመጀመሪያዋ ደቂቃ ላይ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ወደ 10 ደቂቃ ገደማ ሲሆን ጣቶቹ አይታዘዙም፣ ከ1 ሰዓት አካባቢ በኋላ ራሱን ይስታል። ዌትሱት ጊዜውን ያራዝምልሃል እንጂ አያስቀረውም። ብቻህን አትሂድ።

ጥያቄ፦ ለአዘጋጁ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ ዘጌ ዳር መረብ ለመጣልና ለማንሳት ውሃ ውስጥ ይገባል። ጤና ጣቢያ ቢልሃርዝያ አለብህ ተብሎ መድኃኒት ወስዷል። ይሄ ዌትሱት የሚሉት ልብስ በሽታውን ይከላከልለታል ወይ? ካልሆነስ ምን እናድርግ? (እናት፣ ከዘጌ)

መልስ፦ እህቴ፣ ዌትሱት አይሆንም። ከላይ እንዳልኩት ውሃ ያስገባል፣ የቢልሃርዝያው ትል ደግሞ ከውሃው ጋር ይገባል። ዓይን የማያየው ነገር ነው፣ ቆዳ ለመብሳት ደቂቃዎች ይበቁታል። የሚረዳው ያልተቀደደ ዌደር ወይም ረጅም የጎማ ቦቲ ነው፣ እሱም ውሃው ከአፉ በላይ እስካልመጣ ድረስ። እጁም እንዳለ አትርሺ፤ መረብ የሚያነሳ ሰው እጁን ይነክራል፣ ረጅም የጎማ ጓንት ያስፈልገዋል።

ሰዓቱም ይረዳል። ትሉን የሚለቀው ዳር ላይ ባለው ሣርና ተክል ውስጥ የሚኖር ቀንድ አውጣ ነው። አብዝቶ የሚለቀውም ፀሐይ ከፍ ስትል፣ ከረፋዱ እስከ እኩለ ቀን ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ንጋት ላይ መግባት ከ6 ሰዓት ፀሐይ ይሻላል፣ ግን ነፃ ያደርገዋል ማለት አይደለም። ብርዱን እየፈራ ፀሐይ እስኪሞቅ ጠብቆ የሚገባ ከሆነ በዚህ በኩል እየተጎዳ ነው። ለብርዱ ከሥር ሹራብ ይልበስና ማለዳውን ይግባ። እምቦጭና ሣር የበዛበትን ዳር ቢያልፈው፣ ከቻለም ከታንኳው ሳይወርድ ቢሠራ ጥሩ ነው።

የቢልሃርዝያውን መድኃኒት፣ ፕራዚኳንቴልን፣ ወስዶ ከሆነ የነበረውን ያጠፋለታል። ተመልሶ ሲገባ ግን እንደገና ሊይዘው ይችላል፣ መድኃኒቱ ለወደፊቱ አይከላከልም። ስለዚህ በየጊዜው ሄዶ ይመርመር። ልጆቹንም ይዘሽ ሂጂ፤ አባታቸውን እየተከተሉ ዳር ላይ የሚንቦጫረቁ ከሆነ እነሱም ሳይያዙ አልቀሩም።

ጥያቄ፦ ዋና አስለምዳለሁ። ያለኝ አንድ የ3 ሚሊ ዌትሱት ጉልበቱ ላይ ጣት የሚያስገባ ያህል ተቀደደ። ባሕር ዳር ማን ይጠግንልኛል? (ዋናተኛው)

መልስ፦ ራስህ ትጠግነዋለህ። ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ቢጫው ማስቲሽ አብዛኛውን ጊዜ ከኒዮፕሪን ቤተሰብ የተሠራ ነው፣ ስለዚህ ይይዘዋል። መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ጠብ አድርገህ ሞክር። ልብሱን በንጹሕ ውሃ እጠበውና ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ እርጥብ ላይ አይጣበቅም። የተቀደደውን ከፈት አድርገህ ሁለቱንም ከንፈር በስሱ ቀባ፣ እስኪደርቅ ጠብቅ፣ ድጋሚ ቀባ፣ ጣት ስትነካው ሳይዝህ ጠበቅ ጠበቅ ሲል ብቻ ከንፈሮቹን ገጥመህ ተጫነው። ወዲያው ይይዛል፣ ስለዚህ ሳትቸኩል ግጠመው፤ አንዴ ከተጣመመ አይለቅም። እስከ ማግስቱ ውሃ አታስነካው። ጎሚስታ ቤት ወስደህ በትኩስ ፕሬስ እንዲለጥፉልህ እንዳታደርግ፣ ሙቀቱ አረፋውን ይጨፈልቀዋል። ከዚያ ወዲያ ጥላ ላይ፣ ወገቡ ላይ አጥፈህ አንጠልጥለው፤ በቀጭን ሽቦ መስቀያ ትከሻው ላይ ከሰቀልከው ቀጥሎ የሚቀደደው እዚያ ጋ ነው።