መልስ፦ ከልጆች ጋር አውሮፕላን ውስጥ ማደር ይመቻል ወይ?

ወንድሜ፣ «ከአሮጌ አውሮፕላን በተሠራ ማረፊያ ሁለት ልጆች ይዘን ብናድር አይጠበንም ወይ?» ላልከው፣ እኔ የምመክርህ ኮስታሪካ፣ ማኑኤል አንቶኒዮ ያለውን የኮስታ ቬርዴ ሆቴል ቦይንግ 727 ነው።

አውሮፕላኑ የ1965 ሥሪት ነው። ለደቡብ አፍሪካ አየር መንገድና ለኮሎምቢያው አቪያንካ ሲበር ኖሮ ጡረታ ወጣ። ሳን ሆሴ ኤርፖርት ከተጣለበት ተነስቶ በ5 ትላልቅ የጭነት መኪኖች ተጓጓዘ። አሁን 15 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ፣ አፍንጫው ከዛፎቹ መሀል ብቅ ብሏል።

ውስጡ በጣም ያምራል! ግድግዳውና ጣራው በቲክ እንጨት ተለብጧል፤ የአውሮፕላኑ ጉብጠት ግን እንዳለ ነው። መኝታ ክፍሎቹ 2 ናቸው፣ ሁለቱም የየራሳቸው መታጠቢያ ቤት አላቸው። አንዱ ክፍል ሁለት ትልልቅ አልጋ ስላለው ልጆቹን እዚያ ታስተኛለህ። ውቅያኖሱን የሚያሳየው በረንዳ ብቻ እንኳ መሄድ ያሰኛል፤ ጦጣዎቹን ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል።

ልጆቹ ገና ትንንሾች ከሆኑ ግን አስብበት። መግቢያው ጠመዝማዛ የድንጋይ ደረጃ ነው፣ በረንዳውም ከፍ ያለ ነው፤ ዓይንህን ከነሱ ላይ አትነቅልም። ዝናቡ ከግንቦት እስከ ኅዳር ይበረታል። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ብትሄድ ይሻላል፣ ዋጋው ግን ይጨምራል። ቦይንግ 727ቱ አንድ ብቻ ስለሆነ ቀደም ብለህ ያዝ።