«ውስንነት ያለበት» ወይስ «ውስንነት ያለው»?

ጥያቄ፦ የሰፈራችን እድር የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች በአባልነት እንዲቀበል በራሪ ወረቀት እያዘጋጀን ነው። ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ «በአካባቢያችን በአእምሮ ሕመም የሚሠቃዩ ዘገምተኛ ልጆችን እንርዳ፤ ከጤነኛው ኅብረተሰብ ጋር እንዲቀላቀሉ እናድርግ።» አንዲት እናት «ዘገምተኛ ስድብ ነው» ብለው ተቃወሙ። ሌላ ሰው ደግሞ «አካል ጉዳተኛ ብንል ይበቃል» አሉ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ እናቲቱ ልክ ናቸው። ነገር ግን «ዘገምተኛ»ን ብቻ ሰርዛችሁ ሌላ ስም ብትተኩ ረቂቁ አይድንም፤ ከስሙ ይልቅ ግሦቹ የከፋ ጥፋት አለባቸው።

ከስሙ እንጀምር። «ዝግመት» በራሱ ነውር የለበትም፤ «ዝግመተ ለውጥ» ስንል ማንም አይቀየምም። ቃሉን ያከበደው «-ኛ» ነው። ይህ ቅጥያ ነገሩን ከሰውዬው ጋር አጣብቆ ስሙ ያደርገዋል፦ በሽተኛ፣ ስደተኛ፣ ወንጀለኛ። «የአእምሮ ዘገምተኛ» ድሮ በትምህርት ቤት ሰዎች አፍ የጨዋ ቃል ነበር፤ ውሎ አድሮ ልጆች ሜዳ ላይ መሰዳደቢያ አደረጉት። አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. በ2010 በሕግ ከፌዴራል ሕጎቻቸው ያወጡት «ሪታርዴሽን» የሚለው ቃል መነሻ ትርጉሙ «መዘግየት» ነበር። ቅጥያው ሁልጊዜ ይጎዳል ማለቴ ግን አይደለም፤ «አካል ጉዳተኛ» ያው «-ኛ» አለበት፣ ባለጉዳዮቹ ግን ራሳቸው ማኅበራቸውን ይጠሩበታል። ዳኛው ቅጥያው ሳይሆን በቃሉ የሚጠራው ሰው ነው።

ዛሬ በወላጆች ማኅበራትም በባለሙያዎችም ዘንድ የሚሠራበት «የአእምሮ ዕድገት ውስንነት» ነው። «ውስን» ከ«ወሰን» የመጣ ነው፤ ድንበር አለው ይላል እንጂ ባዶ ነው አይልም። «ዕድገት» የምትለውን ቃል ለማሳጠር ብላችሁ አታውጧት፤ ከሕመም የምትለየው እሷ ናት። (በነገራችን ላይ አጻጻፉ «አይምሮ» ሳይሆን «አእምሮ» ነው፤ በግእዝ «ማወቅ» ማለት ነው።)

«በአእምሮ ሕመም የሚሠቃዩ» የሚለው ሐረግ ሁለት ስሕተት አለበት። አንደኛ፣ ውስንነት ሕመም አይደለም። ባለሙያ ይህን ስም የሚሰጠው ሦስት ነገር ሲያገኝ ነው፦ የመማርና የማመዛዘን አቅም ከእኩዮች በጉልህ ማነሱን (በመለኪያ ፈተና አብዛኛውን ጊዜ ከ70 ገደማ በታች)፣ የገንዘብ መልስ መቁጠርን ወይም ታክሲ ይዞ መመለስን በመሳሰሉ የዕለት ተዕለት ነገሮች ድጋፍ ማስፈለጉን፣ ሁለቱም በዕድገት ዘመን መጀመራቸውን። የአእምሮ ሕመም ግን በ30 ዓመትም ሊጀምር፣ በመድኃኒትም ሊሻል ይችላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ በቁጥር 339 አእምሮው በቂ ዕድገት ያላገኘውን፣ የታመመውንና በእርጅና የደከመውን ባንድ ጠቅልሎታል። ቃሉ ሲምታታ ቤተሰብ ፈውስ ፍለጋ ሲንከራተት የትምህርት ዓመታት ያልፋሉ። ሁለተኛ፣ «የሚሠቃዩ» የሌለ ሥቃይ ይፈጥራል። ዳውን ሲንድረም ያላት ልጅ ተጨማሪ 21ኛ ክሮሞዞም (በሴል ውስጥ ያለ የዘር ተሸካሚ) አላት እንጂ እሱ በራሱ አያሠቃያትም።

«አካል ጉዳተኛ» ይበቃል? ለሕግ አዎ። የሥራ ስምሪት አዋጁ ቁጥር 568/2000 በቃሉ ሥር የአእምሮ ጉዳትንም ያስገባል፤ ኢትዮጵያ በ2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም እንዲሁ። ለበራሪ ወረቀት ግን አይበቃም። አንባቢው «አካል» ሲል የሚታየው ተሽከርካሪ ወንበርና ነጭ በትር ነው።

አሁን ወደ ርእሴ። አማርኛ በግሥ ላይ የሚቀጠሉትን «ብ» እና «ል»ን አይቀላቅልም፦ «ፈረደለት» ሲጠቅመው፣ «ፈረደበት» ሲጎዳው። ይህች የመጉዳት «ብ» «ዕዳ አለበት» ውስጥም አለች፤ «ቤት አለው» ውስጥ ግን የለችም። «ውስንነት ያለበት» ስንል ሳናስበው ከዕዳ ተርታ አስገባነው። ሰዋስዋዊ ስሕተት አይደለም፤ አብዛኛው ሰው የሚለውም እሱን ነው፣ እናንተም በጥያቄያችሁ ብላችሁታል። ለቅስቀሳ ጽሑፍ ግን እኔ «ያለው፣ ያላት፣ ያላቸው» እመርጣለሁ።

«ልጆች»? ዕድሜያቸውን ጠይቁ። የ35 ዓመት ሴት ናት እንበል። እኩያዋ «እትዬ» እየተባለች እሷ «ሚሚዬ» ከሆነች፣ ቡና ላይ ለእኩያዋ «ይጠጡ» ተብሎ ለእሷ «ጠጪ» ከተባለ፣ መገለሉ እዚያው ስኒው ላይ ተጀምሯል። እሷ እዚያው ቆማ እያለች እናቷን «ስኳር ትወዳለች?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ይብሳል። አንቱታው ለእኩያዋ ከተሰጠ ለእሷም ይሰጥ።

«ከጤነኛው ጋር እንዲቀላቀሉ» የሚለው እነሱን በሽተኛ ከማድረጉ ሌላ ሥራውንም ለእነሱ ይሰጣል፤ ተነሥተው የሚመጡት እነሱ፣ ተቀምጦ የሚጠብቀው እድሩ። «ማካተት» ይሻላል። ሥሩ «ከተተ» ነው፤ በ1888 አገር ያንቀሳቀሰው የ«ክተት» ጥሪም ከእሱ ነው። አካታቹ ሁልጊዜ ተቀባዩ ነው፦ አካታች እድር፣ አካታች ትምህርት ቤት። «አካታች ተማሪዎች» ብሎ የሚጽፍ ሰው ባለቤቱን ገልብጦታል። «አካቶ ትምህርት» ደግሞ እንደ «ወዶ» ያለ የግሥ ቅርጽ ለቅጽልነት የዋለበት ነው፤ ለጆሮ ቢጎረብጥም የትምህርት ቢሮዎች ስለለመዱት ተዉት።

«እንርዳ»ም ይውጣ። እድር ውስጥ አባልነት በአራት ነገር ይታወቃል፦ በመዝገብ ላይ በሰፈረ ስም፣ በመዋጮ፣ በተራ ሥራ፣ በድምፅ። ስሟ «ቤተሰብ» በሚለው ዓምድ ሥር ከሆነ፣ ወላጆቿ ሲሞቱ ቦታዋም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ እንዲህ ጻፉት፦

«የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያላቸው ጎረቤቶቻችንን በራሳቸው ስም አባል አድርገን እንመዝግብ። መዋጮ ይክፈሉ፤ ድንኳን ሲተከልና ወንበር ሲደረደር ተራ ይውጡ፤ በስብሰባ ድምፅ ይስጡ።»

አንድ ነገር ቀረ። ወረቀቱ ስለ እነሱ እንጂ ለእነሱ አልተጻፈም። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ሦስት «የ…» ሐረግ ከተደራረበ አንባቢው ግሡ ጋ ሲደርስ ባለቤቱን ይረሳል። ሌላ ገጽ ጨምሩ፦ በአንድ ዐረፍተ ነገር አንድ ሐሳብ፣ ከ8 ቃል ያልበለጠ፣ «ካልሆነ በቀር» የሌለበት፣ ፊደሉ ጎላ ያለ፣ ከጎኑ ሥዕል። ለምሳሌ፦

«እሑድ ስብሰባ አለ። ከቀኑ 8 ሰዓት ይጀምራል። ቦታው የእድሩ ቤት ነው። እርስዎም ይምጡ።»

ከማባዛታችሁ በፊት ውስንነት ላላቸው ለሁለት ሦስት ሰዎች አንብቡላቸው። «ገባዎት?» አትበሉ፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። «ስብሰባው መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ከሳተ የሚታረመው ወረቀቱ ነው።