ጥያቄና መልስ፦ የበራ ጂን ለምን ከኒውክለስ ቀዳዳ ይገኛል?

ዶክተር እርሾ፦ ዛሬ ማታ ስለ እርሾ ኒውክለስ፣ ማለትም ዲኤንኤው ስለሚቀመጥበት የህዋሱ ክፍል፣ ጠይቁኝ። ስለ ካንሰርና ስለ መድኃኒት አትጠይቁኝ፣ ሙያዬ አይደለም። እርሾ ሰው አይደለም፤ ይህን ደጋግሜ እንዳታስብሉኝ።

ቤቲ፦ ዶክተር፣ ጂን ሲበራ፣ ማለትም መነበብ ሲጀምር፣ ወደ ኒውክለስ ቀዳዳ ይሄዳል ይባላል። ማን ነው የሚወስደው?

ዶክተር እርሾ፦ ማንም። ዲኤንኤ አንድ ቦታ ረግቶ አይቀመጥም፣ ሁልጊዜ ይዋልላል። የእርሾ ኒውክለስ ስፋቱ 2 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፣ ስለዚህ ጂኑ ወዲህ ወዲያ ሲል ከዳር መድረሱ አይቀርም፤ ቀዳዳዎቹም ያሉት እዚያው ዳር፣ ሽፋኑ ላይ ነው። ቁም ነገሩ እዚያ መያዙ ነው። ሰካራም እየተንገዳገደ ደጅ ይደርሳል፣ የሚያውቀው ዘበኛ ካለ ይዞ ያስቀረዋል። በ2021 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ከብሪክነር ቤተ ሙከራ የወጣው ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው፤ መዋለልና መያዝ።

ዮናስ፦ እንዴ፣ ምክንያቱ ግልጽ አይደል? የጂኑ ቅጂ፣ ኤምአርኤንኤው፣ በቀዳዳው ነው የሚወጣው። ጂኑ መውጫው አጠገብ ቢሆን ይቀለዋል። የህዋስ ተመራማሪው ብሎበል በ1985 ብሎታል።

ዶክተር እርሾ፦ ብሎበል ያቀረበው መላምት ነው። ጥሩ መላምት ነው፣ ግን ማንበቡ ነው ጂኑን የሚጎትተው ብለህ እንዳትደመድም። ጂን የሚያነበውን ኢንዛይም በሙከራ ቢያሰናክሉትም ጂኑ ከዳር ይገኛል።

የምወደውን ምሳሌ ልስጥህ፣ ኢኖ1። እርሾ ከምግቡ ኢኖሲቶል የሚባል ንጥረ ነገር ሲያጣ ራሱ እንዲሠራ የሚያበራው ጂን ነው። ሲበራ ወደ ኒውክለሱ ዳር እንደሚሄድ ብሪክነርና ዋልተር በ2004 አሳዩ። በ2010 ደግሞ ፕሮሞተሩ (ጂኑ የሚበራበት የዲኤንኤ ክፍል) ውስጥ አጫጭር የዲኤንኤ ቅደም ተከተሎች ተገኙ። የመጀመሪያው 8 ፊደል ብቻ ነው! ያንን ቆርጠህ መሀል ኒውክለስ ውስጥ በሚውል ሌላ ቦታ ብትተክለው ያ ቦታ ራሱ ከዳር ይገኛል። ማለትም አድራሻው ዲኤንኤው ላይ ተጽፏል። አድራሻውን የሚያነበው ፑት3 የሚባል ፕሮቲን ነው፣ ቀድሞ የሚታወቀው በፕሮሊን አጠቃቀም ጂኖች ነበር። ደስ የሚለው ደግሞ፣ አንድ ዓይነት አድራሻ ያላቸው ጂኖች በተለያየ ክሮሞሶም ላይ ቢሆኑም ከዳር ሲደርሱ ይሰባሰባሉ።

ሰሚር፦ እኛ የተማርነው ከዳር ያለ ጂን ይተኛል ተብሎ ነው። ቴሎሜር፣ የክሮሞሶም ጫፍ፣ ከዳር ነው፣ ዝም ያለ ነው። ዮናስ ዝም ብሎ ያወራል።

ዮናስ፦ ቴሎሜርን ማን አነሳ? መጽሐፍህን አሳድስ።

ሰሚር፦ የኔ መጽሐፍ ካንተ ቪዲዮ ይሻላል።

ዶክተር እርሾ፦ በቃ። ዳሩ አንድ ዓይነት ሰፈር አይደለም። ቴሎሜርን ሲር4 የሚባል ፕሮቲን ኢኤስሲ1 ከሚባል ሌላ ፕሮቲን ጋር ሆኖ ሽፋኑ ላይ ይይዘዋል፣ እዚያ ጂኖች ይተኛሉ። ቀዳዳው ሌላ ነው። ሁለታችሁም ግማሹን ይዛችኋል።

ሀና፦ ስለዚህ የበራ ጂን ሁሉ ቀዳዳው ላይ ነው ማለት ነው?

ዶክተር እርሾ፦ አይደለም! ሁሉም ጂን አይደለም፣ በሁሉም ህዋስ አይደለም፣ ሁልጊዜም አይደለም። በማይክሮስኮፕ የምናየው ጂኑ ያለበትን ቦታ የምታሳይ አንዲት አብሪ ነጥብ ናት። በአጋጣሚ ብቻ ከ100 ህዋስ በ30ው ገደማ ነጥቧ ከዳር ትታያለች። ኢኖ1 ሲበራ 60 ገደማ ይሆናል። መነሻውን ቁጥር ሳታዩ አትፍረዱ። ህዋሱ ዲኤንኤውን ሲያባዛማ የበራው ኢኖ1 ለጊዜው ከዳር ይለቃል።

ጌሾ፦ ይሄ ነገር ለጠላ ይጠቅማል?

ዶክተር እርሾ፦ አይ።

ቤቲ፦ የጠላውም እርሾ ያው እናንተ የምታጠኑት ዓይነት፣ ሳካሮማይሲስ፣ አይደል እንዴ?

ጌሾ፦ እሱስ ነው፣ ግን ጌሾው ካልበሰለ...

ዶክተር እርሾ፦ የጠላ ጨዋታ ሌላ ቦታ።

ሀና፦ ጂኑ ሲጠፋ ወዲያው ወደ መሀል ይመለሳል?

ዶክተር እርሾ፦ ይኼ ጥያቄ ነው! አይመለስም። ኢኖ1 ከጠፋ በኋላም ህዋሱ ደጋግሞ እየተከፈለ ከዳር ይቆያል። ይህን ትዝታ እንለዋለን። የሚጠቀመው ግን ሌላ አድራሻ ነው፣ ኑፕ100 የሚባል የቀዳዳው ፕሮቲንም ያስፈልገዋል። ለመብራት የተጠቀመበትን አድራሻ ብታበላሺው ትዝታው አይነካም። ጂኑ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቅ ሁለተኛ ጊዜ ማብራቱ ይቀላል።

ሰሚር፦ ሰው ላይም እንደዚሁ ነው?

ዶክተር እርሾ፦ እርሾ ሰው አይደለም። የኑፕ100 ዘመድ የሆነው የሰው ኑፕ98፣ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባለው የሰውነት መከላከያ ምልክት ለሚያበራቸው ጂኖች ትዝታ ያስፈልጋል። ግን እዚያ ጂኑን የሚያገኘው ከቀዳዳው ርቆ፣ ኒውክለሱ ውስጥ ነው።

አቤል፦ ዶክተር፣ እባክዎ ሁሉንም ባጭሩ ያስረዱን።

ዶክተር እርሾ፦ ከላይ አንብብ።

አቤል፦ እሺ፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ ቢሰጡኝስ?

ዶክተር እርሾ፦ የትኛው ጂን፣ ምን እየበላ ያደገ እርሾ፣ ከምን ጋር አነጻጽረህ? ሦስቱን ይዘህ ና፣ እንነጋገራለን።