5 የሚለው ቁጥር ግራም አይደለም

ሰላም እህቴ። 22 ግራም ፕሮፔን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል ስንት ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል ብለሽ ነበር የጠየቅሽው። እኩልታውን በትክክል አመጣጥነሽዋል፦

1 ፕሮፔን + 5 ኦክስጅን → 3 ካርቦን ዳይኦክሳይድ + 4 ውሃ

ከዚያ 22ን በ5 አባዝተሽ 110 ግራም አገኘሽ፤ የመጽሐፉ መልስ ግን 80 ነው። ግራ ቢገባሽ አይገርምም። እኔም ተማሪ እያለሁ እዚሁ ጋ ነበር የምሳሳተው። በኋላ ሌሎችን ሳስጠናም ብዙዎቹ የሚሰናከሉት እዚሁ ላይ ነው።

ያ 5 የሚቆጥረው ሞለኪውል ነው። አንድ የፕሮፔን ሞለኪውል አምስት የኦክስጅን ሞለኪውል ይፈልጋል ማለት ነው። የሁለቱ ሞለኪውሎች ክብደት ደግሞ ይለያያል። ስለዚህ ግራሙን ወደ ሞል (እንደ ደርዘን ሞለኪውሎችን በቋሚ ብዛት የምንቆጥርበት መለኪያ) ሳትቀይሪ 5ን አትንኪው።

ፕሮፔን ሦስት ካርቦንና ስምንት ሃይድሮጅን አለው። ካርቦንን 12፣ ሃይድሮጅንን 1 ብለሽ ስትደምሪ አንድ ሞሉ 44 ግራም ይመጣል። 22 ግራም እንግዲህ ግማሽ ሞል ነው። አሁን 5 ይግባ፦ 0.5 × 5 = 2.5 ሞል ኦክስጅን። ወደ ግራም ስንመልሰው 2.5 × 32 = 80።

32 ማለቴን ልብ በይ። የኦክስጅን ጋዝ አተሞቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ ኦክስጅንን እንደ ነጠላ አተም ቆጥረሽ በ16 ካባዛሽ መልሱ በግማሽ ይቀንሳል። ጎበዝ ተማሪ እንኳ ሲቸኩል እዚህ ጋ ይስታል።

እኔን ከብዙ ስህተት ያዳነኝ ግን መጨረሻ ላይ የገባውንና የወጣውን መደመር ነው። 1.5 ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ 66 ግራም፣ 2 ሞል ውሃ 36 ግራም፣ ድምሩ 102። የገባውም 22 ሲደመር 80፣ 102። በ16 አስልተሽ ቢሆን 62 ግራም ገብቶ 102 ሊወጣ ነው፤ ይሄ ደግሞ አይሆንም። በአንቺ 110 ብንሄድ 30 ግራም ኦክስጅን ሳይነካ ይተርፋል።

ነዳጁ ፊት ያለው ቁጥር 1 ካልሆነ ትንሽ ተጠንቀቂ። ኢቴን ሲቃጠል 2 ኢቴን ለ7 ኦክስጅን ነው። የኢቴኑን ሞል በ7 አባዝተሽ ለ2 ታካፍያለሽ። አንድ ሞል ኢቴን 30 ግራም ነው። እስቲ በ15 ግራም ሞክሪው፤ 56 ግራም ኦክስጅን መምጣት አለበት። ካልመጣልሽ ስሌትሽን መስመር በመስመር ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።