መልስ፦ የካርቦን ጨርቅ በቤት ማይክሮዌቭ ይደርቃል ወይ?

ወንድሜ፣ ኢፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ) የጠጣ የካርቦን ጨርቅ፣ ማለትም ከካርቦን ክር የተሸመነ ጨርቅ፣ ደራርበህ በቤት ማይክሮዌቭ ለማድረቅ አስበሃል። እባክህ ተወው።

ሐሳቡ ግን መሠረት አለው። በተራ ምድጃ ሙቀቱ እንደ ድፎ ዳቦ ከውጭ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ መሀል ይገባል። ማይክሮዌቭ ሙጫውን ራሱን ከውስጥ ያሞቀዋል። ፋይበርግላስ (ከመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ) የማይክሮዌቩን ሞገድ ስለሚያሳልፍ ወፍራም ንብርብር እንኳ ቶሎ ይጠነክራል።

ካርቦን ግን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የላይኞቹ ንብርብሮች ሞገዱን ይመልሱታል፤ የታችኞቹ ጥሬ ይቀራሉ። እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ መዳፍ በምታክል ቁራጭ ሞክሬዋለሁ። የተቆረጠው ጠርዝ ላይ ብልጭታ ዘለለ፣ ሙጫው ጠቆረ። መሀሉን በጓንት ስጫነው ገና ይለጠፍ ነበር።

ሞገዱም እኩል አያሞቅልህም። የቤት ማይክሮዌቭ በሚሠራበት 2.45 ጊጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አንዱ ቦታ ሲያር ጥቂት ሴንቲ ሜትር ራቅ ያለው ለብ ብሎ ይቀራል። በሙያው የሚሠሩት ለዚሁ የተሠራ ሰፊ ክፍልና የቫክዩም ከረጢት (አየሩ የሚመጠጥ ከረጢት) አላቸው፤ ሙቀቱንም የሚለኩት በፋይበር ኦፕቲክ፣ ማለትም ብርሃን በሚያስተላልፍ ቀጭን ክር ነው።

አንተ በክፍል ሙቀት የሚጠነክረውን ኢፖክሲ ግዛ። የጎንደር ሌሊት ቀዝቃዛ ነውና ቤት ውስጥ አሳድረው። በማግስቱ ጥቁር በተቀባ የቆርቆሮ ሳጥን ፀሐይ ላይ አውጣው። ሙጫ የገባበት ማይክሮዌቭ ደግሞ ዳግመኛ ምግብ አይሞቅበትም፣ አደራ።